«ገድዬሽ እሞታለሁ» ሲባል የሰማ ሰፈር ምን ያድርግ?

ባል ሚስቱን በገደለበት ሰፈር፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚሰማው ወሬ ተመሳሳይ ነው። አንዷ «ባለፈው ሳምንት አንገቷ ላይ ሰንበር አይቼ ነበር» ትላለች። ሌላው «ጠጥቶ ሲዝት ሰምቼው ንዴት ነው ብዬ አለፍኩት» ይላል። ጥበቃው ደግሞ ሰውየው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግቢ ውስጥ ብቻውን ሲንቆራጠጥ እንደነበር ያስታውሳል። ሦስቱ ወሬ አንድ ቦታ የተገናኘው ከቀብር መልስ ነው። ሰዎቹ ግን ክፉዎች አይደሉም። ድንኳኑን የተከሉት፣ ንፍሮውን የቀቀሉት፣ ከቤተሰቡ ጋር ያደሩት እነሱው ናቸው።

ይህ መመሪያ ለእድር፣ ለሰንበቴ፣ ለማኅበር፣ ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴና በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ተከራዮች የተጻፈ ነው። የሚያወራው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ ባል፣ የቀድሞ ባል ወይም ፍቅረኛ ሴቲቱን ሊገድላት እንደሚችል ሰፈሩ ሲያውቅ ማን፣ መቼ፣ ምን ያድርግ?

ሰፈር የሚሸነፈው መቼ ነው?

ሰው ጩኸት ሲሰማ አይወጣም የሚባለው ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በአምስተርዳም፣ በኬፕታውንና በእንግሊዟ ላንካስተር ከተማ መንገድ ላይ በካሜራ የተቀረጹ 219 ጠቦችን መርምሮ ነበር። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ መንገደኛ ገብቶ ገላግሏል። እኛም አገር «ኡኡ» ሲባል በፒጃማ የሚወጣው ጎረቤት ብዙ ነው። የምንሸነፈው ከጩኸቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ዛቻው በተነገረበትና ገና ምንም ባልሆነበት ጊዜ።

የመጀመሪያው ምክንያት ዕውቀቱ መበታተኑ ነው። ሱቁ አንድ ነገር ያውቃል፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ሌላ፣ የመጠጥ ጓደኛው ሌላ። እያንዳንዱ የያዘው ቁራጭ ብቻውን ሲታይ ቀላል ነው፤ ደግሞም «እኔ ይህን ካየሁ ቤተሰቦቿማ ሁሉንም ያውቃሉ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ይህን በቁጥር ያሳያል። ተማሪዎች ለየብቻቸው ክፍል ተቀምጠው በድምፅ ማጉያ ሲነጋገሩ፣ አንዱ ተናጋሪ በድንገት የሚጥል በሽታ የያዘው መሰለ። የሚሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት 85 በመቶው ሕመሙ ሳያልፍ ለእርዳታ ወጡ። ሌላ አንድ ሰው ይሰማል ካሉት 62 በመቶው ወጡ። ሌሎች አራት ሰዎች ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ግን የወጡት 31 በመቶ ብቻ ናቸው። የሰፈራችን ግቢ ይኸው ነው፤ ሁሉም በየክፍሉ ሆኖ ይሰማል፣ ሌላው ምን እንዳደረገ ግን አያይም።

ሁለተኛው ገመናና ይሉኝታ ነው። የሰው ትዳር ውስጥ መግባት ነውር ነው፤ ቤት አፍራሽ ያስብላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ለማንም አልተናገሩም። እርዳታ የጠየቁት በብዛት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው በር የእናንተ በር ነው። እሱ ላይ «ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትይ» ከተባለች ሁለተኛ በር ላታንኳኳ ትችላለች።

ሦስተኛው ምክንያት ያለን መሣሪያ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፦ ሽምግልና። ሽምግልና የተሠራው ለጠብ ነው። የሰው ነፍስ ሊጠፋ ሲል ግን ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ንዴትን ከአደጋ መለየት

«የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። አሜሪካዊቷ የነርስ ምሁር ጃክሊን ካምቤል ባሎቻቸው ወይም ፍቅረኞቻቸው የገደሏቸውን ሴቶች ታሪክ እየመረመሩ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያዘጋጁት የአደጋ መመዘኛ አለ። እሱ ላይ ተደጋግመው ከሚታዩት ምልክቶች በእኛ ሰፈር የሚታወቁት እነዚህ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ማነቅ ነው። አንገቷን ይዞ አንቆ የለቀቃት ሰው «አልመታኋትም እኮ» ይላል፤ እውነትም ደም የለም፣ ብዙ ጊዜ ሰንበርም የለም። በተመራማሪዎች ስሌት ግን ከዚህ በፊት የታነቀች ሴት በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ካልታነቀችው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ምልክቶቹን ጎረቤት ሊያያቸው ይችላል፦ ድምጿ ሻክሯል፣ ምራቅ ሲዋጥ ያማታል፣ የዓይኗ ነጭ ላይ እንደ ቁንጫ ንክሻ ያሉ ቀይ ነጠብጣቦች አሉ፣ በሙቀት ቀን አንገቷን በነጠላ ጠቅልላለች። ራሷን ስታ ከነበረ፣ ሽንት አምልጧት ከነበረ፣ ወይም ያን ሰዓት በደንብ ካላስታወሰች፣ ደህና ነኝ ብትልም በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። በአንገት ውስጥ ያለው እብጠት ወይም የደም ሥር ጉዳት ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ይገድላል።

ሁለተኛው መሣሪያ ነው፤ ቤት ውስጥ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ መኖሩ፣ ወይም ቢላና ገጀራ አውጥቶ አሳይቶ መዛቱ። ሦስተኛው መለየት ነው፤ «ልፋታ ነው» ካለች፣ ሻንጣ ካዘጋጀች፣ ፍርድ ቤት ከሄደች አደጋው ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። ከዚህ ሌላ፦ በእርግዝናዋ ጊዜ መምታት፣ አስገድዶ መድፈር፣ የምትሄድበትን ሁሉ መከታተልና ስልኳን መቆጣጠር፣ ከሌላ ሰው የወለደችው ልጅ ቤት ውስጥ መኖሩ፣ ሥራ ማጣት፣ በአንዱ ዱላና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ እየጠበበ መምጣቱ።

አንዱን ምልክት ለብቻው እንናገረው፣ ምክንያቱም ሰፈር ሁልጊዜ ይሳሳትበታል። «ራሴን አጠፋለሁ» የሚል ባል ሲገኝ ሁላችንም እናዝናለን፣ እሷንም «ሂጂ አጽናኚው» እንላታለን። «አጥፍቼ እጠፋለሁ» የሚል ሰው ግን ለሕይወቱ መሳሳቱን አቁሟል፤ እስር አያስፈራውም። እሱ እርዳታ ያስፈልገዋል፣ ግን እርዳታው በእሷ እጅ አይደርሰውም። ወንድሙ ወይም ጓደኛው ወደ ሐኪም ይውሰደው።

ማነቅ፣ መሣሪያ፣ የመግደል ዛቻና መለየት፤ ከእነዚህ አራት አንዱ ካለ ስብሰባ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ተንቀሳቀሱ።

ሦስት ሰው፣ አንድ ደብተር

እድሩ በወርሃዊ ስብሰባው ሦስት ሰው ይምረጥ። ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ከእነሱ አንዷ ሌሎች ሴቶች ያለ ፍርሃት የሚያዋሯት ትሁን። የባል ዘመድ፣ የዕቁብ ዳኛው፣ ባለዕዳው፣ የመጠጥ ጓደኛው አይግባ። የእድሩ ዳኛም ባይገቡ ይሻላል፤ ሰውየውን የሚያነጋግር የተከበረ ሰው በኋላ ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ መታየት የለበትም። የሚነገረው ሕግ አጭር ነው፦ «ማንኛውም አባል የመግደል ዛቻ ከሰማ ወይም የማነቅ ምልክት ካየ፣ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከሦስቱ ለአንዱ ይናገራል፤ ስሙ አይወጣም።» ይህን ከሌላው የእድር ጉዳይ ጋር ቀላቅላችሁ አንብቡት። አንድ ቤት እየታየ ከተነገረ ሰውየው ለእሱ እንደተባለ ያውቃል።

ደብተሩ ውስጥ የሚጻፈው አራት ነገር ነው፦ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን በዓይኑ እንዳየ ወይም በጆሮው እንደሰማ፣ የተባለው ቃል እንደተባለ። «በጣም ተጣልተዋል» የሚል ጽሑፍ ማንንም አይረዳም። እንዲህ ሲሆን ግን ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም የሚይዘው ነገር ያገኛል፦ «ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ሱቁ በር ላይ፣ ባለሱቁ በጆሮው የሰማው፦ "ልጆቼን ይዛ ከወጣች እሁድን አታያትም"።» ከሌላ ሰው የተሰማውን «የተባለ» ብላችሁ ለዩ፤ አንድ የተጋነነ መስመር ዘጠኙን እውነተኛ መስመር ያበላሻል።

ደብተሩ ከእነሱ ግቢ ውጭ በአንድ ሰው ቤት ይቀመጥ። የቴሌግራም ግሩፕ አትክፈቱ። ግሩፕ ውስጥ የገባ ነገር በሁለተኛው ቀን ባልየው ስልክ ላይ ይገኛል፣ ያን ምሽት የምትከፍለው እሷ ናት።

ገንዘብም አስቀድሞ ይወሰን። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ለሞት የሚከፈለውን በሳንቲም ይዘረዝራል፤ በሕይወት ላለ አባል ነፍስ የሚወጣ መስመር ግን አብዛኛው ላይ የለም። አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ ለአንድ ቤተሰብ ቀብር የምትከፍሉትን ያህል ገንዘብ ሦስቱ ሰዎች ያለ ስብሰባ ማውጣት ይችላሉ በሉ። የአውቶቡስ ትኬት፣ የሁለት ሳምንት ቤት ኪራይና ምግብ፣ የሞባይል ካርድ፣ የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው። ገንዘቡ በሌሊት የሚወጣ መሆን አለበት፤ ባንክ እስኪከፈት የሚጠበቅ ከሆነ የለም ማለት ነው።

እሷን ማነጋገር

አንዷ ሴት ብቻ ታነጋግራት። ሦስት ሆኖ መሄድ ሽምግልና ይመስላል። ቦታው ወፍጮ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት በር፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ ሊሆን ይችላል። ቤቷ አይሁን፣ በስልክም አይሁን። ባል ሊያነብ የሚችለው መልእክት አይላክ።

የመጀመሪያው ንግግር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እኅቴ፣ አንገትሽ ላይ ያየሁት ነገር አስፈርቶኛል። ካልፈለግሽ ምንም አትንገሪኝ። የኔ በር ግን ሌሊትም ቢሆን ክፍት ነው።» ከዚያ ዝም በሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝምታው ከብዶት መምከር ይጀምራል፤ «ለምን አትለቂውም» ይላል። ያኔ እሷ ባሏን መከላከል ትጀምራለች፣ ንግግሩም አለቀ።

ሁለተኛ ስትገናኙ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ይገድለኛል ብለሽ ፈርተሽ ታውቂያለሽ?» ይህ ጥያቄ ሐሳቡን በጭንቅላቷ አያስገባም፤ ካለ እዚያው ነው። አዎ ካለች እመኑ። አይ ካለች ግን ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ከተገደሉት ሴቶች ብዙዎቹ ይህን ያደርጋል ብለው አያምኑም ነበር። የምትመዝኑት ምልክቶቹን ነው።

ለመውጣት ከወሰነች አንድ የጨርቅ ቦርሳ እናንተ ቤት ይቀመጥ። መታወቂያ ወይም የፋይዳ ቁጥሯ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ፣ የባንክ ደብተር ቁጥር፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ የመንገድ ገንዘብ። ዋናዎቹን ወረቀቶች አስቀድማ አታውጣ፤ መሳቢያው ባዶ ሆኖ ካገኘው ያውቃል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ አውጥታ ኮፒ አድርጋ ትመልስ። ምልክትም ተነጋገሩ፤ ለምሳሌ ልጇ መጥቶ «እማዬ ሚጥሚጣ አበድሩኝ ብላለች» ካለ ፖሊስ ጥሩ ማለት ይሁን። ልጁ ራሱ ትርጉሙን ባያውቅ ይሻላል።

ሽምግልና፦ መቼ አይሆንም

ሽማግሌ ሲቀመጥ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ጥፋት ያምናሉ፣ ካሳና መሐላ ይኖራል፣ እሷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ለገንዘብ ጠብ፣ ለአማች ነገር፣ ለቅሬታ ጥሩ ነው። አንቆ ለለቀቃት ሰው ግን ይህ ሥርዓት ሦስት ነገር ይሰጠዋል። በሰው ፊት ያወጣችውን ምስጢር በጆሮው ይሰማል። የተደበቀችበትን ያውቃል። ከዚያም ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እጁ ላይ መልሰው ያስረክቧታል። ከአራቱ ከባድ ምልክቶች አንዱ ካለ ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጡ። ይህ ላይ ሽማግሌ ቢቆጣ ይቆጣ።

ሽማግሌ ግን አያስፈልግም ማለት አይደለም። ለእሱ ብቻ ይላኩ። የሚያከብራቸው ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ከራሱ ወገን፣ ጠዋት ላይ ሳይጠጣ ያግኙት። ማን እንደተናገረ አይወጣም፤ «ሰፈሩ ያወቀው ነገር ነው» ይበቃል። ይህ ዓረፍተ ነገር ኃይል አለው፤ ብዙ ዛቻ የሚያድገው ማንም አያውቅም በሚል ሽፋን ነው። ከዚያ የሚጠየቀው ተግባር ነው። መሣሪያው ዛሬ ከቤት ይውጣ። ለሁለት ሳምንት ወንድሙ ወይም አጎቱ ቤት ይደር። በሰው በኩልም ቢሆን መልእክት አይላክባት። ከሦስቱ አንዱ በየቀኑ ያየዋል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሲያለቅስ ነው። ሽማግሌዎቹ አንጀታቸው ይላወሳል፤ «ተጸጽቷል፣ ልጅቷን መልሱለት» ብለው ይመጣሉ። ለቅሶው እውነት ሊሆን ይችላል። መለኪያችሁ ግን ጠመንጃው ዛሬ ማታ የት ያድራል የሚለው ይሁን።

የነፍስ አባትን በተመለከተ የኑዛዜ ምስጢር አይወጣም፣ እንዲያወጡም አትጠይቋቸው። ከኑዛዜ ውጭ በቤቱ ያዩትን ግን መናገር ይችላሉ፤ እሷን «ለጊዜው እናትሽ ቤት ሂጂ» ማለትም ይችላሉ። ከእሳቸው ሲመጣ የትዳር መክዳት አይመስላትም። ብዙ ሴት የምትጠብቀው ይህን ፈቃድ ነው።

ፖሊስ ጋ ሲኬድ

«ገና ምንም አላደረገም» የሚለው መልስ ከሕጉ የመጣ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 26 መሠረት ለወንጀል መዘጋጀት ብቻውን በአብዛኛው አያስቀጣም። ስለዚህ «ሊገድላት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። አስቀድሞ ከተፈጸመው ጀምሩ፦ ማነቁ፣ ዱላው፣ ዛቻው፣ መሣሪያው። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት አንቀጽ 564 ላይ ተጠቅሷል፤ ዛቻ በአንቀጽ 580 ያስቀጣል፣ ግን የራሷን አቤቱታ ይጠይቃል። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ የእሷን ቃል አይጠብቅም፤ እሷ ለመናገር ስትፈራ ጎረቤት ሊይዘው የሚችለው ክር ይኸው ነው። አንቀጽ 575 ደግሞ ለእኛ ነው፤ ለራሱ አደጋ ሳይኖርበት ሊረዳው የሚችለውን፣ ሕይወቱ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ትቶ መሄድ ያስቀጣል።

ሁለት ሰው አብሯት ይሂድ፤ አንዷ ትናገራለች፣ ሌላዋ ትጽፋለች። ቃሏን የተቀበለውን ፖሊስ ስምና የመዝገቡን ቁጥር ይዛችሁ ውጡ። «ሂዱና ታረቁ» ከተባለ በሴቶችና ሕጻናት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ወደሚያየው ክፍል፣ እዚያም ካልሆነ ወደ ዐቃቤ ሕግ እለፉ። ከፖሊስ ወደ ሐኪም የሚጻፈውን ደብዳቤ በዚያው ቀን አስወስዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ተጎጂዎች የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለው። ሐኪሙ «ታንቃለች» የሚለውን ቃል እንዲጽፍ ንገሩት፤ ዝም ካላችሁ «የአንገት ሕመም» ብሎ ያልፈዋል። የሕግ ምክር ከኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ መጠለያ ደግሞ ከሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ይጠየቃል። የሁለቱን ስልክ ዛሬ ፈልጋችሁ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት።

ከተያዘ አታርፉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ዋስትናም ሊያገኝ ይችላል። 48 ሰዓቱ እሷን ለማዛወር የተሰጣችሁ ጊዜ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ዋስትናው ላይ «እንዳይቀርባት» የሚል ግዴታ እንዲጠይቅ አስታውሱት። ብዙ ሰፈር በታሰረ ዕለት ተመስገን ብሎ ይተኛል፤ በሦስተኛው ቀን ሰውየው በር ላይ ነው።

የዚያን ሌሊት

ጩኸት ሲሰማ አንድ ሰው 991 ይደውል፣ ሌሎቹ አይደውሉ፤ የደወለው ጮክ ብሎ «ደውያለሁ» ይበል። አለዚያ ሁሉም ሌላው የደወለ ይመስለዋል። የሚባለው፦ «ሰው እየተገደለ ነው፤ መሣሪያ አለው ወይም የለውም፤ ልጆች ቤት ውስጥ አሉ» ከዚያ ቦታው። የቤት ቁጥር ብዙም ስለማይሠራ፣ ሁለት ልጆች የእጅ ባትሪ ይዘው ዋናው መንገድ ላይ ወጥተው ፖሊሱን ይምሩ። ይህ ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ በሌሊት በኮብልስቶን መንገድ መሃል የጠፋ ፓትሮል ግን ብዙ ደቂቃ ይበላል። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

ብቻችሁን አትግቡ። አምስት ስድስት ሰው ሲሰበሰብ፣ መብራት ሁሉ ሲበራ፣ በስሙ ጥሩት። የሚወጣበት ሰበብ ስጡት፦ «ቆጣሪው እየተቃጠለ ነው»፣ «ውኃ ፈሰሰ»። በሩን አትዝጉበት፤ መውጫ ያጣ ሰው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከወጣ መሣሪያውን ለመንጠቅ አትታገሉ፣ እሷንና ልጆቹን በሌላ በኩል አውጡ። በድንጋይና በዱላ መደብደብ አይሁን። ሰው ሕጉ ካልሠራልን ብሎ ይጀምረዋል፣ በማግስቱ ግን ተከሳሹ ሰፈሩ፣ ተበዳዩ እሱ ይሆናል፤ እሷም አዝናለት ትመለሳለች። ያን ሌሊት ቢረጋጋም እዚያ ቤት አታድርም።

ከወጣች በኋላ

አብዛኛው ሰፈር ሥራው አልቋል ብሎ የሚያስበው እዚህ ላይ ነው። ክፉው ጊዜ ግን አሁን ተጀመረ። የሚቆጣጠር ባል ሙሉ በሙሉ እንዳጣት የሚገባው ከወጣች በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ነው። በቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍርድ ቤት የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብለት እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ጠበቃዋ ወይም የሕግ አማካሪዋ ዛቻውን በጽሑፍ አስቀድማ ለዳኛው ብታቀርብ ጥሩ ነው፤ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ልጆች ጊዜያዊ ትእዛዝ የሚሰጠውም ይኸው ችሎት ነው።

የቀጠሮ ቀን አራት ሰው አብሯት ይሂድ፣ በሄደችበት መንገድ አትመለስ። ልጆች የሚተላለፉት በገለልተኛ ዘመድ ቤት ነው፤ እሷና እሱ አይተያዩ። ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርና ለበር ጥበቃው ማን ልጅ መውሰድ እንደሚችል በጽሑፍ ስጡ። ስልኳን ፈትሹ፤ ሎኬሽን የሚያጋራ ነገር፣ በእሱ ስልክ የተከፈተ የቴሌግራም አካውንት፣ እሱ የሚያውቀው የኢሜይል ፓስወርድ ይኖራል። ሲም ካርዱ በእሱ ስም ከሆነ ይቀየር።

በዓል ሲቃረብ ግፊቱ ይበረታል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለዒድ «ልጆቹ አባታቸውን ይዩ» የሚል ሽማግሌ ይመጣል። ከወዲሁ መልስ አዘጋጁላት፣ የምትመልሰውም እሷ አትሁን፤ የተቀበላት ዘመድ «ይህ በሕግ የተያዘ ነው» ብሎ በር ላይ ይጨርሰው።

ውጭ አገር ላላችሁ

በውጭ አገር የሚያግደን ፍርሃት ሌላ ነው። «ፖሊስ ከጠራን መኖሪያ ፈቃዷ ይሰረዛል» ይባላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ቫዋ የሚባለው ሕግ፣ የዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ጥቃት ከደረሰባት ባሏ ሳያውቅ በራሷ ስም ማመልከት እንድትችል ያደርጋል። አደጋ ሲሆን 911፣ ምክር ሲፈለግ ብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233። እስራኤል ውስጥ ፖሊስ 100፣ የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር መስመር 118 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከሞባይል 999 ደውላ መናገር ካልቻለች፣ ሲጠይቋት 55 ትጫን። አስተርጓሚ በየትኛውም ቦታ «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ባል ወይም ልጅ እንዲያስተረጉም ግን በፍጹም አይፈቀድ፤ ልጁ የሚሰማውን ተሸክሞ ያድጋል፣ ባልየው ደግሞ የሚመቸውን ብቻ ያስተላልፋል።

ሦስቱ ሰዎች በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ተገናኝተው ደብተሩን ያንብቡ፦ አዲስ መስመር አለ ወይ? መሣሪያው የት ነው? እሱ የት ነው የሚያድረው? እሷን በዚህ ሳምንት ማን አያት? ይህ ሳይቋረጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥል። እሷ ሌላ ከተማ ከሄደች እዚያ የሚያውቋት አንድ ሰው ስም ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ በየወሩም አንዳችሁ ደውሉ። ከሦስቱ አንዱ ሰፈር ከቀየረ ወይም ከደከመ በዚያው ወር ስብሰባ ይተካ፤ ደብተሩ ለአዲሱ ሰው ሲሰጥ ገጽ በገጽ አብራችሁ አንብቡለት።